በካፒቴኑ መኪና ብረት ውስጥ የተኛው ስንጥቅ

ወንድሜ ደምለው የጣሊያንን መኪና በመጋዝ አልቆረጠም። ደብረ ታቦር ላይ ስሙ ሲነሳ «ያ ጎማ ቆርጦ መኪና ገደል የሰደደው» እንደሚባል አውቃለሁ፤ ልጆቹም በዚሁ ስም ኮርተው አድገዋል። ግን አልቆረጠም። አለመቁረጡን ያሳየሁት ደግሞ እኔ እህቱ ስንዱ ነኝ፤ ያንን ያደረግኩበት ረፋድ ዛሬም ትዝ ሲለኝ ልቤ እንደ ፍየል ግልገል ይዘላል። ካረጀሁ ወዲያ ምስጢር ብቆጥብ ምን ይረባኛል፤ ልንገራችሁ።

ያኔ ልጅ እግር ሴት ነበርኩ። ባሌ በንዳድ ሞቶብኝ ከጋፋት ማዶ ካለው ካባታችን አገር ወጥቼ ከተማ ወንድሜ ቤት ተጠግቼ ነበር። ጣሊያን ከከተማው ዳር ሰፊ ጋራዥ ሠርቷል፤ ደምለው እዚያ ሾፌር ሆኖ ገባ፣ እኔንም ለማጠቢያ አስገባኝ። ማጠቢያ ስላችሁ ድስትና ሳህን እንዳይመስላችሁ፤ የማጥበው የመኪና ዕቃ ነው። ቅባት የጠገበውን ብረት ላምባ ውስጥ ዘፍዝፌ በብሩሽ ስፈትግ እውላለሁ። ማታ ቤት ስገባ ጎረቤታችን እትዬ ብርነሽ፣ ከምድጃው ራቅ ብለሽ ተቀመጪ፣ አንቺ ተያይዘሽ እኛንም ታቃጥይናለሽ እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር። በሬ ካራጁ ይውላል እንዲሉ፣ እኛም ከጠላት ጋር እንውላለን። ያሳፍረን ነበር፤ ግን ሆድ ደግሞ ሌላ ጌታ ነው።

የጋራዡ ዋና መካኒክ ቤርቶ የሚባል ጠና ያለ ጣሊያን ነበር። ወታደር ልብስ ይልበስ እንጂ ወታደርነቱ ልብሱ ላይ ብቻ ነው። ከሰው ይልቅ ከብረት ጋር ያወራል፤ አማርኛው ከጣሊያንኛ ጋር እንደ ጎመንና ክክ ተቀላቅሎ ይወጣል። እኔን ግን ሰድቦኝ አያውቅም፤ ያጠብኩትን ብረት ወደ ፀሐይ እያነሳ አይቶ «ቤኔ፣ ስንዱ» ይለኛል፤ ደህና ነው ማለቱ ነው።

ረቡዕ ዕለት ደምለው ዱቄት ጭኖ፣ ሁለት ወታደሮች አሳፍሮ ወደ ወረታ ወረደ። ያንን ቁልቁለት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። የመኪና የፊት ጎማ የሚሸከም፣ ከጎን እንደ ክንድ የወጣ ወፍራም ብረት አለ፤ እኛም ጋራዥ ውስጥ ክንድ ነበር የምንለው። መታጠፊያው ላይ የግራው ክንድ ከአንገቱ ተቀነጠሰና ጎማው ብቻውን እየዘለለ ገደል ገባ፤ መኪናውም ተከተለው። ደምለውና ወታደሮቹ ዘለው ወረዱ፤ አንደኛው ወታደር እግሩ ተሰበረ። መኪናው ገደሉ ሥር እስኪመሽ ሲነድ ዋለ፤ ከውስጡ ለምስክርነት የሚሆን ብረት አልተረፈም።

በዚያ ሰሞን በእብናት በኩል አርበኞች የስልክ ሽቦ እየቆረጡ ጣሊያኖቹን እንቅልፍ ነስተዋቸው ነበር። የጦሩ አዛዥ ካፒቴን ነገሩን ሲሰማ ጥያቄ አላበዛም። ሾፌሩ ክንዱን በመጋዝ ገዝግዞት ነው፣ እሱስ ለምን ቀድሞ ዘለለ አለ። ደምለው ታሰረ። ቅዳሜ በገበያው መካከል እንደሚሰቀል ያንኑ ማታ ተነገረ።

ቤታችን ሰው ሞላ። ሊያጽናኑኝ የመጡ መስሎኝ ነበር፤ እነሱ ግን እንኳን ደስ ያለሽ ሊሉኝ ምንም አልቀራቸውም። እናትሽ ወንድ ወልዳለች ይላሉ፣ እኛ እኮ ለጣሊያን ያደረ መስሎን ስናማው ነበር ይላሉ። አልቆረጠም ብዬ ስምል እትዬ ብርነሽ ጠቀሱኝና በጆሮዬ፣ ልክ ነሽ፣ ለነሱም እንዲህ እያልሽ ማዪላቸው አሉኝ። ለማን ልንገር? ለጠላት እውነቱን ብናገር አያምነኝ፤ ለወገን ብናገር አይወድልኝ። እኔ የፈለግኩት ጀግና አልነበረም፣ ወንድሜን ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ምሳውን ይዤ እስር ቤቱ ደጅ ሄድኩ። በሽቦው ቀዳዳ አየኝ።

«እታለም፣ እኔ አልነካሁትም» አለኝ። «ብነካውማ ላንቺ እነግርሽ ነበር። ብረቱ ራሱ ከዳኝ።»

ይህን ይዤ በቀጥታ ወደ ቤርቶ ሮጥኩ። እሱም ከኔ ብሶ ተበሳጭቶ ነበር፤ ሌሊቱን እንዳልተኛ ዓይኑ ይናገራል። እነዚህ መኪኖች በአንድ መርከብ የመጡ ናቸው፣ ከአቅማቸው በላይ ተጭነው በዚህ ድንጋይ ላይ ሲደበደቡ ከረሙ፣ አንዱ ከታመመ ሌሎቹም ታመዋል አለኝ። ሕመሙ ግን ከላይ አይታይም። አገሩ ሳለ በባቡር ፋብሪካ ሲሠራ እንዲህ ያለውን የተደበቀ ስንጥቅ በማግኔት ሲያወጡት በሩቁ አይቷል። የማግኔት ኃይል በብረት ውስጥ እንደ ውሃ ይፈሳል፤ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ይደናቀፍና ወደ ላይ ይፈናጠቃል፤ ያን ጊዜ የብረት ብናኝ ብታፈሺበት ብናኙ ተጎትቶ እዚያው ላይ ይሰለፋል አለኝ። እጁን እያወናጨፈ አስረዳኝ። ብረት ይናገራል ማለት ነው? እንግዲያ ይናገርልን አልኩ።

ቤርቶ ካፒቴኑን ለመነ። ደምለው ነክቶት ከማያውቅ መኪና አንድ ክንድ ይፈታ፤ ስንጥቅ ከተገኘበት ጥፋቱ የብረቱ ነው አለ። ካፒቴኑ ሳቀና የራሱን መኪና አሳየው፤ ቅዳሜ ከገበያው በኋላ ወደ ጎንደር የሚወርድበትን። ፍታው አለ፣ ምንም ካልተገኘ ግን ሁለተኛ ስለዚህ ሰው እንዳታነሳብኝ።

እንግዲህ ሥራችንን ተመልከቱ። ቤርቶ ከተሰበረ ሞተር ላይ እንደ ፈረስ ኮቴ የተቆለመመ ማግኔት አወጣ። እኔ አሮጌ ብረት በሞረድ ስሞርድ ቆይቼ ብናኙን በነጠላዬ ጫፍ ነፋሁትና ላምባ ውስጥ በጠበጥኩት። ጥቁር ብናኝ በጥቁር ብረት ላይ እንዴት ይታያል ብዬ ደግሞ፣ ቤት የምንለቀልቅበትን ነጭ አፈር አምጥቼ ክንዱን በስሱ ቀባሁት። ቤርቶ ይህን ሲያይ ግንባሬን ሳመኝ። የማግኔቱ ሁለት እግሮች ስፋት ልክ የክንዱን ውፍረት ያህል ሆነና ቤርቶ እንደ ኮርቻ አፈናጠጠው፤ አንዱ እግር ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ። ካፒቴኑ ከነአስተርጓሚው መጥቶ ቆመ። ብጥብጡን አፈሰስኩት።

ምንም የለም። ብናኙ በማግኔቱ እግሮች ዙሪያ እንደ ጢም ተንጨፈረረ፤ የቀረው ከላምባው ጋር እየወረደ ወደ ባልዲው ገባ። ነጩ አፈር ነጭ እንደሆነ ቀረ። ደግመን አፈሰስን። ምንም የለም። ካፒቴኑ ነገ ከቀትር በፊት ክንዱ ታጥቦ እንዲገጠም አዞ ወጣ። ቤርቶ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እጆቹን እያየ ቀረ፤ እኔም ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ዓርብ ጠዋት ያንኑ ክንድ ላጥብ ተቀመጥኩ። የወንድሜ ሞት የታወጀበትን ብረት አጥቢ መባሌ ነው። እንባዬ ላምባው ውስጥ እየተንጠባጠበ፣ አንድ ጊዜ ቀና ብል ከጋራዡ ፊት ለፊት ባለው ተረተር ላይ አንድ ገበሬ ያርሳል። ባለፈው ሰሞን ቁልቁል ያረሰውን ማሳ አሁን አግድም እያቋረጠ ይደግመው ነበር።

መቼም የገበሬ ልጅ የሆናችሁ ታውቃላችሁ፤ የኛ ማረሻ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ቢሄድ በሁለት ፈር መካከል ያልታረሰ መሬት ይተዋል። ስለዚህ ሁለተኛው እርሻ የመጀመሪያውን ያቋርጣል። እኔ ልጅ ሆኜ ካባታችን ኋላ ጓል ስከሰክስ፣ ደምለው እርፍ መያዝ ሲማር፣ አባታችን አንድ ነገር ይደጋግሙለት ነበር። ከፈሩ ጋር አብሮ የተኛ ሥር ማረሻ አይነካውም፣ አጠገቡን እየታከከው ያልፋል፤ አቋርጠህ ስትመጣ ግን ቀጥ አድርጎ ያቆምሃል ይሉት ነበር። ሳያቋርጥ የደገመ ዕለት አለንጋው ለበሬዎቹ ሳይሆን ለሱ ነበር።

እጄ ቆመ። ትናንት ቤርቶ ያለኝ መጣብኝ፤ የማግኔት ኃይል ይፈሳል፣ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ይደናቀፋል። ትናንት ኃይሉ ከግራ ወደ ቀኝ ነው የፈሰሰው። ክንድ ደግሞ ሲቀነጠስ እንዴት ነው የሚቀነጠሰው? እንደ ሸንኮራ አገዳ፣ ወደ ጎን ነዋ። እንግዲያ ስንጥቁ ራሱ ከግራ ወደ ቀኝ ተኝቷል። አብረው ተኝተዋል፤ ማረሻውም ሥሩን እየታከከ አለፈ።

ከዚህ በኋላ እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም። ክንዱን አደረቅኩ፣ ነጭ አፈሩን ቀባሁ። ማግኔቱን አነሳሁና አዞርኩት፤ አንዱን እግር በጎማው በኩል፣ ሌላውን በመኪናው በኩል፣ በክንዱ ርዝመት አስቀመጥኩት። ብጥብጡን አፈሰስኩ።

መጣ። ወፍራሙ ብረት ወደ ቀጭኑ ከሚገባበት አንገት ላይ፣ መጀመሪያ እንደ ጥላ፣ ቀጥሎ እንደ ሽፋሽፍት፣ ቀጥሎም በብዕር የተሰመረ የሚመስል ጥቁር መስመር። ላምባው ሲወርድ መስመሩ አልወረደም። አባቴ ይሙት፣ ጮህኩ። ከዚያ ደግሞ ፈራሁ፤ ጭረት ይሆን? የነጠላዬ ክር ይሆን? ሁሉን ጠራርጌ ማግኔቱን አንስቼ አፈሰስኩ፤ አልመጣም። ማግኔቱን መልሼ አፈሰስኩ፤ እዚያው ቦታ፣ ያው መስመር። ከዚህ ወዲያ እግዜር ራሱ ወርዶ ቢክደኝ የማምነው አይመስለኝም ነበር።

ቤርቶ ጩኸቴን ሰምቶ ሲሮጥ መጣ። አጎንብሶ አየ፣ መነጽሩን ጠርጎ አየ። ማግኔቱ የተቀመጠበትን አየና በመዳፉ ግንባሩን መታ። ለካ ፋብሪካው ውስጥ ሁልጊዜ ሁለቴ ነበር የሚያደርጉት፣ አንዴ በወርዱ አንዴ በቁመቱ፤ እሱ ከሩቅ ሲያይ የሚደግሙት ለጥንቃቄ መስሎት ነበር። ገበሬውን በጣቴ አሳየሁት። ገበሬው ምን አገባው ብሎ ግራ ገባው፤ ባልዲው ሥር ያለውን ጭቃ በጣቴ ቁልቁልና አግድም ባርስለት ጊዜ ገባውና እየሳቀ እንባው ወረደ። ሁለታችንም ላምባ በላምባ ሆነን እንደ እብድ እንዘል ነበር።

ካፒቴኑ ሲመጣ ግን ሳቃችን ቆመ። መስመሩን አየና በአስተርጓሚው በኩል፣ ይቺ ሴት የታሳሪው እህት አይደለችም ወይ፣ በከሰል ብትስለውስ አለ። እውነቱን ብትጠይቁኝ ልክ ነበር፤ እኔም እሱን ብሆን እጠረጥር ነበር። ቤርቶ ጨርቁን ዘረጋለት። ካፒቴኑ ጓንቱን አወለቀ፤ ራሱ ጠረገ፣ ራሱ ማግኔቱን አስቀመጠ፣ ራሱ አፈሰሰ። እጁን ሳይሆን ፊቱን አየሁ። መስመሩ መምጣቱን ከፊቱ ነው ያወቅኩት።

«ስበሩት» አለ።

ቤርቶ ክንዱን ጠረጴዛው ላይ በተተከለው የብረት መያዣ አስሮ በትልቁ መዶሻ መታው። ደጋግሞ መታው። ክንዱ ልክ በመስመሩ ላይ ተቀነጠሰና ወለሉ ላይ ወደቀ። ካፒቴኑ አነሳው። የተሰበረው ፊት ግማሹ የዝገት መልክ የያዘ ጥቁር፣ ግማሹ እንደ አዲስ የተፈለጠ አሞሌ ጨው የሚያብለጨልጭ ነበር። ቤርቶ ጥቁሩን በጣቱ እየነካ፣ ይህ ከከረመ ቆይቷል፣ ያሁኑ ያ የሚያበራው ብቻ ነው አለው። ነገ ጎንደር ሊወርድበት የነበረው ጎማ የተንጠለጠለው በዚያች በምታበራው ግማሽ ነበር። ካፒቴኑ ስብራቱን አስቀምጦ ወደኔ ዞረ።

«ይህን ማን አስተማረሽ?» አለኝ።

«አባቴ» አልኩት።

«አባትሽ መካኒክ ነበር?»

«አራሽ ነበሩ።»

አስተርጓሚው ተረጎመለት፤ እንዳልገባው አየሁ፤ እኔም አላብራራሁለትም። ካፒቴኑ አንዱ በአጋጣሚ ይሆናል ብሎ ከሌላ መኪና ሁለተኛ ክንድ አስፈታ። ማግኔቱን ማን እንደሚያስቀምጥ አልተናገረም፤ ሁሉም ወደኔ ዞረው ቆሙ። አስቀመጥኩ፣ አፈሰስኩ። አንገቱ ላይ ያው መስመር፣ ትንሽ አጠር ብሎ፣ መጣ። ካፒቴኑ ጓንቱን አጥልቆ ወጣ።

ደምለው ቅዳሜ ጠዋት ተፈታ። ሊሰቀል ሲመጣ ለማየት የተሰበሰበው ገበያተኛ በእግሩ ሲራመድ ሲያየው መንገድ ከፈተለት፤ እልል ያለችም ነበረች። እኔ እልል ማለት አቅቶኝ ባንገቱ ተጠምጥሜ ብቻ ቀረሁ፤ የላምባ ሽታዬ አሳለው። ቤት እንደገባን ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። እየሰማ መሬት መሬት ያያል።

«ካፒቴኑን አዳንሽው ማለት ነው» አለኝ።

«አንተን ነው ያዳንኩት። እሱ አብሮ ተረፈ።»

ይህ ነገር ግን በሆዴ እንደ ጓል ተቀምጦ ነበር። በከተማውም፣ ስንዱ ለጣሊያን ብረት ታክማለች የሚል ሐሜት ተነሳ፤ ደምለውም ጀግንነቱ ሲገፈፍ ሰላምታው ሳሳ፤ ሳምንት ያልሞላው ጀግንነት። እትዬ ብርነሽ እንኳ እሳት ሊጭሩ መምጣት ተዉ።

እኔና ቤርቶ ግን የቀሩትን መኪኖች ሁሉ እንድንፈትሽ ታዝዘን ነበር። ክንዱን ሁሉ በየተራ አስፈትተን፣ አንዴ በወርድ አንዴ በቁመት አየን። በዚያ መርከብ ከመጡት ውስጥ ጤነኛ ሆኖ የተገኘው ጥቂት ነበር። የመጨረሻው ላይ መስመር ሲወጣ ቤርቶ ሳቀ፤ ለምን እንደሚስቅ ያኔ አልገባኝም። ካፒቴኑ አዲስ ክንድ ከአስመራ እስኪመጣ አንድም መኪና ከግቢው እንዳይወጣ አዘዘ። ክንዱ ሳይመጣ ክረምቱ ቀድሞ መጣ፤ መንገዱም ጭቃ ሆነ። መኪኖቹ ጎማቸው ተፈቶ በድንጋይ ላይ እንደተኮፈሱ ሣር በቀለባቸው። የጣሊያን ዱቄት በበቅሎ መጫን ጀመረ፤ በቅሎውን ደግሞ በየጥሻው የሚቀበለው አርበኛ አላጣም።

አንድ ቀን እትዬ ብርነሽ ፍም ሊጭሩ መጡ። ምድጃው ጥግ ተቀምጠው አዩኝ፣ አዩኝና፣ ደምለው እንኳ አንድ መኪና ነው የቆረጠው፣ አንቺ እኮ ሁሉንም ቆረጥሽው አሉ። ደምለው ሳቁ መጣበት፣ እኔም ሳቄ መጣ፤ ከታሰረ ወዲህ ቤታችን እንደዚያ ስቆ አያውቅም። የቤርቶ ሳቅም ያን ጊዜ ገባኝ። እኔ እኮ እውነቱን ብቻ ነበር የፈለግኩት። እውነቱ ግን ከመጋዝ ይልቅ ይቆርጥ ኖሯል።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሆንኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? ጣሊያን ሲወጣ በጋራዥ ሥራ ገባሁ፤ ዕቃ አጣቢ ሳይሆን ዕቃ መርማሪ ሆኜ። ሁለተኛ ባል አገባሁ፤ እሺ ከማለቴ በፊት እሱንም በወርድና በቁመት አየሁት፤ ደህና ሰው ነበር። እናንተም ይህን የምታነቡ፣ አንድ ነገር አይታችሁ ምንም የለም ከማለታችሁ በፊት አዙራችሁ እዩት። ሰውን እሱ በሚሄድበት አቅጣጫ ብቻ ከተከተላችሁት ስንጥቁም አይታያችሁም፣ ጤንነቱም አይታያችሁም።

ከብዙ ዘመን በኋላ የደምለው የመጨረሻ ልጅ፣ አዲስ አበባ በአንድ የአውሮፕላን መጠገኛ ውስጥ የምትሠራው፣ የሥራ ቦታዋን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። ጨለማ ክፍል አስገባችኝ። ብረት በኤሌክትሪክ ማግኔት ታደርጋለች፣ ፈሳሽ ታፈስበታለች፤ ከዚያ ወይን ጠጅ የመሰለ መብራት ስታበራበት ስንጥቁ በጨለማው ውስጥ አረንጓዴ ሆኖ ቦግ ይላል። እኔ በላምባና በቤት አፈር ያየሁት ያ ጥቁር ሽፋሽፍት እንደ ኮከብ ሲያበራ ሳይ እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ልጅቱም ብረቱን አዙራ በሌላው አቅጣጫ እንደገና ማግኔት አደረገችው። ለምን ደገምሽው አልኳት እያወቅኩ። አንዱ የሳተውን ሌላው እንዲይዘው ነው አክስቴ አለችኝ። ጨለማው ውስጥ አቀፍኳትና ታሪኩን ሁሉ ነገርኳት።

ደምለው ሸምግሎ፣ የልጅ ልጅ አይቶ፣ አልጋው ላይ ሞተ። ለቀብሩ አገር ሞላ፤ ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ሰው የመጋዙን ወሬ መልሶ አንስቶ የማግኔቱን ረስቶት ነበር። አልቃሿ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፦

«ያንን የብረት ፈረስ ገደል የሰደደው፣
በመጋዝ አይደለም በወኔው ያረደው»

አለች። ለቀስተኛው ሁሉ ደረቱን ደቃ። ከለቀስተኛው መካከል ያቺ እውነቱን የምታውቅ ልጁ ቀና ብላ አየችኝ፣ እኔም አየኋት። ከዚያ ነጠላዬን አጣፍቼ ከሌላው ጋር ደረቴን መታሁ። አንዳንዱን ስንጥቅ አይተው ዝም ይሉታል።